የጅብ ጭብጦና ጋቢ የለበሰ ሙዝ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ጥቅምት 21 ቀን 8 ዓመት ይሞላታል። አሜሪካ ያለች የአክስቷ ልጅ ያን ቀን እዚያ ሃሎዊን የሚሉት በዓል እንደሆነና ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው እንደሚውሉ ነገረቻት። በስልክም የሸረሪትና የሌሊት ወፍ ቅርጽ ያለው ጣፋጭ አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ‹የኔም ልደት እንደዚያ ይሁን› እያለች መቀመጫ አሳጣችኝ። እኔ ኦቨን የለኝም። መብራቱም አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ከሁሉ የከበደኝ ግን የአማቴ ነገር ነው። ‹ሰይጣን በዚህ ቤት አይጠራም› ብለው ተቆጥተዋል። በዚያ ላይ ጽጌን ይጾማሉ። 12 ልጆች ልጠራ አስቤያለሁ። የ3 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ልጄን ሳላስከፋ፣ አማቴንም ሳላስቀይም ምን ልሥራ?» የማራኪዋ እናት

እህቴ፣ እንኳን ለልጅሽ 8ኛ ዓመት አደረሳችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አማትሽ የተቆጡት በጣፋጩ አይመስለኝም። በቃሉ ነው። እዚያ ማዶ ለልጅ መጫወቻ የሆነው ነገር ወደ እኛ ቋንቋ ሲገባ «መንፈስ» ይሆናል፣ «ጋኔን» ይሆናል። እኛ ዘንድ እነዚህ የጨዋታ ቃላት አይደሉም። መንፈስን የምናውቀው በጸሎት ነው። ጋኔን ሲባል የሚታወሰን ጠበል ነው። እሳቸው «ሰይጣን አይጠራም» ሲሉ የሰሙትን ቃል በትክክል ነው የተረዱት። በዚህ አትዘኚባቸው።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት ስሙን ቀይሪው። እኛም እኮ የልጅ ማስፈራሪያ አለን፣ ያውም የሚያስቅ። አያ ጅቦ አለ። ጭራቅ አለ። ሸረሪትና የሌሊት ወፍ አሉ። እዚህ ጎንደር ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ሰምቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ያልተሸጎጠ ልጅ የለም። ልጅሽ የፈለገችው ያንን ስሜት ነው፤ ፈርቶ መሳቅን። ልደቷን «የአያ ጅቦ ማታ» በዪውና አማትሽን ተረት እንዲያወሩ ለምኛቸው። ከጠላት ወደ ባለቤት ይዞራሉ። እኔ በራሴ ቤት ያየሁት ነገር ነው።

ስለ በዓሉም ቢጠይቁሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሃሎዊን የሚባለው በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ይውላል፤ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ነው። በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ዋዜማ ነው። ልማዱ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው የመጣው። አይሪሾቹ መጀመሪያ ፋኖስ የሚሠሩት ከሥራ ሥር ነበር፤ አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባ አገኙ፣ በዚያው ዱባ ሆኖ ቀረ። ልጆቹም በየደጁ እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። ልጅ ተሰብስቦ በየቤቱ መዞሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል ያልተቀበለ ማን አለ? አንቺ የምታከብሪው የልጅሽን ልደት ነው። የነሱን በዓል ማክበር ሌላ ነገር፣ የጅብ ቅርጽ ያለው ጭብጦ መሥራት ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ካልተዋጠላቸው ነፍስ አባታችሁን ይጠይቁ፣ አንቺም አትከልክያቸው።

ወደ ምግቡ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር እለምንሻለሁ።

አንደኛው፣ ደምና መቃብር አታስገቢ። በስልክ ካሳዩሽ ጣፋጮች ውስጥ የተቆረጠ ጣት፣ ቀይ የሚንጠባጠብበት ኬክ፣ የመቃብር ድንጋይ የቆመበት ብርጭቆ እንደሚኖር አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ብዙ ልጅ የእውነት ፍርሃት አይቷል። ከምትጠሪያቸው 12 ልጆች ውስጥ ቤቱ ኀዘን የገባበት ይኖር ይሆናል። ለእሱ ያ ጨዋታ አይደለም። ድንገት የሚጮኽ፣ የሚፈነዳ ነገርም ይቅር፤ ፊኛ በመርፌ ማፈንዳት ጭምር።

ሁለተኛው፣ ጅብ ሲነሣ ቡዳ እንዳይነሣ። በጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ወለቃ መንደር የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም፣ «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ብዙ ተበድለዋል። ልጅ ያንን ከልደት ግብዣ ይዞ እንዳይሄድ። የእናንተ ጅብ የተረቱ ጅብ ይሁን፤ ሆዳሙ፣ ሞኙ፣ ሁሌ የሚታለለው።

አሁን እጃችንን እንታጠብ።

ኦቨን የለኝም ስትዪ እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ከእሳት ጋር የማይገናኝ ምግብ ለልጅ ይሻላል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእጁ ሥራ ይሆናል። ኬክ ስትጋግሪ ልጅ ዳር ቆሞ ነው የሚያይ። ደግሞ ከአማትሽ ጓዳ የማይጠፋ ነገር አለ፤ በሶ። ገብሱ ተቆልቶ ነው የሚፈጨው፣ ስለዚህ ሳይበስል ይበላል። ጥሬ የስንዴ ዱቄት ግን እንደዚያ አይደለም። ሆድ የሚያሳምም ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ «ሳይጋገር የሚበላ» ብለው ጥሬ ዱቄት የሚያቦኩ አሉና እንዳትከተያቸው።

ጅቡን እንዲህ ሥሪው። 4 ኩባያ በሶ፣ 1 ኩባያ የለውዝ ቅቤ፣ ከ1 ኩባያ ትንሽ የሚያንስ ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለ12 ልጅ ሦስት ሦስት ጭብጦ ያደርሳል። ጥቅምት ላይ በብርዱ ማሩ ረግቶ ከሆነ ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሚው፣ ይለቃል። መጀመሪያ ማሩንና የለውዝ ቅቤውን አንድ አድርጊ፣ ከዚያ በሶውን ጨምሪ። ውሃውን በመጨረሻ፣ ለብ አድርገሽ፣ በማንኪያ በማንኪያ። በሶ እንደ አፈጫጨቱ ይለያያልና የውሃውን ልክ እጅሽ ነው የሚነግርሽ። ሲጨብጡት ቅርጹን ከያዘና ጣት ላይ ካልተጣበቀ በቃው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ቶሎ እንዲያያዝልኝ ብዬ ማር አበዛሁበት፤ ሳህን ላይ ሳስቀምጠው ቀስ እያለ ተንጠፈጠፈ። ከላላብሽ በሶ መልሽበትና 15 ደቂቃ ሸፍነሽ ተይው፣ ይጠጣዋል።

ቀጥሎ የልጆቹ ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ጭብጦ ሰውነት፣ ከፊቱ ትንሿ ድቡልቡል ጭንቅላት። ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ ይበል፤ ጅብን ከውሻ የሚለየው እሱ ነው። ጆሮው ለሁለት የተከፈለ ለውዝ። ጥርሱ ሰሊጥ፤ ከሁመራና ከመተማ የሚመጣው ነጩ ሰሊጥ ጥርስ ለመሆን የተፈጠረ ነው የሚመስል። ዓይኑ ዘቢብ። የቀረው ነቁጡ ነው። እሱን በኑግ እንሠራለን።

ስለ ኑግ ትንሽ ልበል፣ ስለምወደው። በሱቅ ጥቁር ቀለም ፈልገሽ አትድከሚ። ኑግ አምሰሽ ስትወቅጪው ዘይቱ ይወጣና ራሱን በራሱ ያያይዛል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው ቤቱን የሚሞላ። ማመሱን አንቺ ከዋዜማው ጨርሺ፤ ልጅ ወደ ከሰል አይቅረብ። መውቀጡን ግን ለልጆቹ ተይላቸው። ሙቀጫውን መሬት ላይ አቁመሽ ተራ በተራ ይውቀጡ፣ ሌላው ይቁጠር። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር እያደረጉ ጅቡ ጀርባ ላይ ጠብ ጠብ ያድርጉት። የበሶው ቡናማነትና የኑጉ ጥቁረት ሲገናኙ ልክ የጅብ ቆዳ ነው። ጥርሳቸው ይጠቁራል፣ ምላሳቸው ይጠቁራል፤ መስተዋት አቅርቢላቸውና እርስ በርስ ሲፈራሩ እይ። አስፈሪነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

የሌሊት ወፉ የ3 ዓመቱ ልጅሽ ድርሻ ይሁን። ቴምር ፍሬውን አውጥተሽ ጎኑን በረጅሙ ሰንጥቂ። እሱ ደግሞ በግራና በቀኝ ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ እንጀራ፣ ይሰካበታል። ድርቆሽ ሲሰበር ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፤ ክንፍ ለመሆን መቀስ አያስፈልገውም። የጥቁር ጤፍ እንጀራ ከሆነማ ይበልጥ ያምራል። ድርቆሹን ልትበሉ ስትሉ ሰኩት፣ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል። ቴምር ከተወደደ የበሶው ጭብጦ ይተካዋል። ለሸረሪቱም ያው ድርቆሽ ነው፤ ቀጫጭን አድርጋችሁ ስምንት እግር። ብስኩት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በጠርሙስ አድቅቀሽ ከካካዎ ዱቄትና ከለውዝ ቅቤ ጋር ብታቦኪው ሰውነቱ ጠቆር ይልልሻል። ግን ብስኩቱ የጾም መሆኑን ጀርባውን አንብቢ፤ ብዙው ወተት አለበት።

ያ በስልክ የታየው ነጭ መንፈስስ? እሱን «ጋቢ ለባሹ» ብለነዋል። ሙዝ ለሁለት ቆርጠሽ የተቆረጠው ወደ ታች ሆኖ ሳህን ላይ ይቆማል። ጫፉ ሹል ስለሆነ የተከናነበ ሰው ይመስላል። ዓይኑና አፉ ጥቁር አዝሙድ ወይም ዘቢብ። ሎሚ ቀባ አድርጊበት፣ ቶሎ እንዳይጠቁር። ያም ሆኖ እንግዶቹ ደርሰው ከተቀመጡ በኋላ ነው የሚሠራ። ማለዳ አሽቀዳድሜ ላቁመው ብትዪ ከሰዓት ጋቢው ቡናማ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ፈንዲሻ ካለሽ በላስቲክ የምግብ ጓንት ውስጥ ሞልተሽ አፉን እሰሪው። የጭራቅ እጅ ይሆናል። በየጣቱ ጫፍ ዘቢብ አስቀድሚ፣ ጥፍር ነው። ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱትም እሱን ነው።

ክሬምና ወተት ያለበት ነገር በዚህ ድግስ አላስገባሁም። መብራት ከጠፋ ፍሪጅ የለም ማለት ነው፤ ክሬም ቶሎ ይበላሻል። የነገርኩሽ ሁሉ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ሁሉም የጾም ነው። ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ልደቷ መሀሉ ላይ ነው የሚወድቅ። አማትሽ ከልጅ ልጃቸው ማዕድ እንዳይቀሩ ብዬ ነው ሁሉንም በዚህ ያሰብኩት። ሙስሊም ጎረቤቶችሽም ያለ ጭንቀት ይበሉታል። ጄሊ ከረሜላ ግን አትግዢ። አብዛኛው ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣ። የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

አሁን የማላልፈውን ልንገርሽ። ስትጠሪያቸው ለየእናቶቹ ደውለሽ «ለውዝ የማይስማማው ልጅ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ስለ ሰሊጥም እንዲሁ። ካለ፣ ለሁሉም ያለ ለውዝ ሥሪው፤ የለውዝ ቅቤውን በጥቂት ዘይት ተኪ፣ ጆሮውን በዱባ ፍሬ። አንድ ሳህን ለብቻ ለይቼ አደርግለታለሁ አትበዪ፤ የልጆች እጅ ከሳህን ሳህን ይዘላል። ለ3 ዓመቱ ልጅሽ ሙሉ ለውዝና ፈንዲሻ አይሰጥ። በዚያ ዕድሜ ቶሎ ያንቃል። የሱን ጅብ ጆሮ የለሽ አድርጊው፣ ጓንቱንም በቴምር ቁርጥራጭ ሙይለት። ከእንግዶቹ ጋር ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመጣ ማር ያለበት ነገር እንዳይቀምስ፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ጀርም ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነው። ለውዙንም ስትለቅሚ የሻገተውን፣ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን አውጥተሽ ጣይው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ቢታመስም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

12 ልጅ ባንድ ሰፌድ ዙሪያ ይከብድሻል። በሦስት በሦስት ከፋፍለሽ አራት ቦታ አስቀምጪያቸው። አንዱ ቡድን ይጨብጣል፣ አንዱ ኑግ ይወቅጣል፣ አንዱ ቴምር ይሰካል፣ አንዱ ፈንዲሻ ይሞላል። ከዚያ ይዛወሩ። ወለሉ ላይ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ጨርቅ አንጥፊ። በሶ መብነኑ አይቀርም፣ ልብሳቸውም ይነካል። በዚህ አትቆጪ። ቅርጹን አስተካክልልሃለሁ ብለሽም እጅሽን አታስገቢ። ሦስት እግር ያለው ጅብ ቢሠራ ሦስት እግር ያለው ጅብ ነው። ልጅ የሚያስፈራውን ነገር በገዛ እጁ ጠፍጥፎ፣ ጥርስ ተክሎለት፣ መልሶ ሲበላው ደስታው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ «ያ የበላሁት ነው» የሚል ልጅ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር።

ሰዓቱን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጊውና ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ ይግባ። ጨለማ ካስፈለገ መጋረጃ ዝጊ፣ አንድ ባትሪ ግድግዳው ላይ አብሪ። በእጅሽ ጥላ የጅብ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጧፍና ሻማ ግን ልጅ በሚሯሯጥበት ክፍል አይሁን። በሩን ገርበብ አድርገሽ ተይው፤ የፈራ ልጅ ብርሃን ወዳለበት የሚወጣበት መንገድ ይኑረው። መውጣት የፈለገን «ፈሪ» የሚል እንዳይኖር አስቀድመሽ ተናገሪ።

ከዚያ አማትሽ ይቀመጡ። «ተረት ተረት» ይበሉ፣ ልጆቹ «የመሠረት» ይመልሱ። ተረቱን እኔ ልምረጥላችሁ። አያ ጅቦ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለበትን። በአገሩማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቁርበት ቢያነጥፉለት አልጋውን ራሱን እንደሚበላው። እሳቸው «ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲሉ አንቺ አንድ ሰፊ ድርቆሽ ሳይሰበር በሰፌድ አምጥተሽ መሀል አስቀምጪ። ማር በስሱ ቀቢው፣ የተወቀጠ ኑግ ነስንሺበት። ቁርበቱ ያ ነው። ልጆቹ ጅብ ይሁኑና ይብሉት። እኔ ቤት ሰፌዱ መሬት ሳይነካ ነው ያለቀው፤ ሁለት ብታዘጋጂ ይሻላል።

ሻማ የምታጠፋበት ኬክስ ብትልሽ፣ ጅቦቹን በሰፌድ ላይ ክብ አሰልፊያቸውና መሀል የቀረውን በሶ ጉብ አድርገሽ 8 ሻማ ትከይበት። ተራራ ነው፣ ጅቦቹ ከበውታል። ስታጠፋው አጠገቧ ቁሚ።

የተረፈው ጭብጦ ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ለትምህርት ቤት መክሰስ አድርጊላት። ለአማትሽ ግን ትልቁን ጅብ አስቀድመሽ ለብቻው አስቀምጪላቸው፤ ጆሮውን ከዱባ ፍሬ አድርጊው፣ ለውዝ ለጥርሳቸው እንዳይከብድ። ልጅሽ ራሷ ትስጣቸው።